ፈቃዴ ሊያልቅ ነው፣ ነጥቤ ግን አልሞላም

ሰላም የሙያ አጋሮቼ። የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት ነኝ፤ የምሠራው ከአዲስ አበባ ርቆ ባለ ሆስፒታል ነው። የሙያ ፈቃዴን የማሳድስበት ጊዜ ደርሷል። ለዚህ በዓመት የሚፈለገው 30 የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ስልጠና) ነጥብ ግን አልሞላልኝም።

ሰንፌ አይደለም። በዚህ ሙያ እዚህ ያለነው እኔና አንድ ባልደረባዬ ብቻ ነን። እኔ ለስልጠና አዲስ አበባ ስሄድ እሱ ቀን ከሌት ብቻውን ይቀራል። ባለፈው ወር በዙም የሚሰጥ ስልጠና ጀምሬ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ተጠራሁ። ማህፀኗ የተቀደደ እናት ነበረች። ጨርሼ ስመለስ ስልጠናው አልቋል፣ የፈተናው ሊንክም ተዘግቷል። እናትየዋ ተርፋለች፤ ነጥቡ ግን ቀረ።

ሌላም አለ። የሦስት ቀን ስልጠና የወሰድኩበትን ሰርተፍኬት አሁን ሳገላብጠው የነጥቡ ብዛት የለበትም። የአሰልጣኙ ተቋም የዕውቅና ቁጥርም የለም። ማኅተምና ፊርማ ብቻ! ያኔ አበሉን እንጂ ወረቀቱን ማን አየ?

እንዲህ ያለ ሰርተፍኬት በኋላ አስተካክለው የጻፉለት ሰው አለ? ኢንተርኖችን (ተለማማጅ ሐኪሞችን) ማስተማርና ጠዋት ጠዋት ኬስ (የታካሚ ጉዳይ) ለባልደረቦች ማቅረብስ ነጥብ ሆኖ ይያዛል? ከተያዘ ማስረጃው ምንድን ነው፣ የሆስፒታሉ ደብዳቤ ይበቃል? በራስ ሰዓት እያቋረጡ የሚጨርሱት፣ ዕውቅና ያለው የኦንላይን ስልጠናም ጠቁሙኝ።

በተለይ ክፍለ ሀገር ሆናችሁ ይህን ያለፋችሁ፣ እባካችሁ ጻፉልኝ። ዛሬም ተረኛ ነኝ፤ መልስ ካዘገየሁ ኦፕሬሽን ክፍል ነኝ ማለት ነው።