ሶላር ላይ የጀመርኩትን ሥራ በየት በኩል ልቀጥል?

ሰላም ለሁላችሁ። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ወደ ሱዳን የተሰደዱ ናቸው። እኔ ካርቱም ተወልጄ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው ያደግኩት። አሁን 26 ዓመቴ ነው።

ከኮሌጅ ወጥቼ የቤት ጣሪያ ላይ ሶላር ፓኔል የሚገጥም ድርጅት ገባሁ። ሥራውን ወደድኩት። (አባቴ "አሜሪካ ያመጣንህ ጣሪያ ላይ እንድትወጣ ነው?" ይለኛል። እሱን ተዉት።) ናብሴፕ የሚባለው ለሶላር ባለሙያዎች የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጥ ድርጅት ያለውን የጀማሪዎች ፈተናም (ፒቪ አሶሺዬት) አልፌያለሁ።

ግን የቤት ባለቤቶች ያገኙት የነበረው የፌዴራል 30 በመቶ የግብር ቅናሽ በ2025 መጨረሻ ቆመ። ትዕዛዝ ቀነሰ፤ የኔም ሰዓት ተቆረጠ።

ኮሎራዶ ውስጥ የጆርኒማን ኤሌክትሪሺያን (ራሱን ችሎ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ) ፈቃድ ለማውጣት 8,000 የሥራ ሰዓት ያስፈልጋል። አለቆቼ ደግሞ አፕረንቲስ (እየሠራ የሚማር ሠልጣኝ) አድርገው አላስመዘገቡኝም። ብረት ሳስርና ፓኔል ስሸከም ነው የከረምኩት። የልምድ ደብዳቤ ስጠይቅ "የጉልበት ሥራ ነበር" ብለው ጻፉልኝ። ለፈቃዱ አይረባም።

አሁን የሚታየኝ ሁለት ነገር ነው። አንዱ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ማኅበር (ዩኒየን) አፕረንቲስሺፕ ነው፤ አምስት ዓመት፣ እየተከፈለኝ፣ ግን ከዜሮ። ሌላው የንፋስ ተርባይን ቴክኒሻንነት ነው። ሥልጠናው በጣም አጭር ነው፤ ሥራው ግን ከቤቴ ርቆ ምሥራቅ ኮሎራዶ ሜዳ ላይ፣ እነ ሊመን አካባቢ ነው። እናቴን ሐኪም ቤት የማመላልሳት እኔ ነኝ፤ የቤት ኪራዩም ግማሹ በኔ ላይ ነው።

በዘርፉ ውስጥ ያላችሁ፣ አምስቱን ዓመት ችዬ ፈቃዱን ብይዝ ትልልቅ የሶላርና የባትሪ ፕሮጀክቶች ላይ በእርግጥ ያስቀጥረኛል ወይስ ተርባይኑን ልያዝ?