15 በመቶው ለማን ነው? የጎንደር ማረፊያዎች ከውጭ ማስያዣ ድረ ገጾች ይውጡ ወይስ ይቆዩ

የማራኪው ባለ ፔንሲዮን፦
ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ዋላችሁ። ዛሬ ልሟገት ነው የመጣሁት። ማራኪ ሰፈር 14 ክፍል ያላት ፔንሲዮን አለችኝ። እንግዳ የሚገባልኝ በሦስት መንገድ ነው፦ አንዱ ይደውላል፣ አንዱ ሻንጣውን እየጎተተ በር ላይ ይመጣል፣ አንዱ ደግሞ በውጭ አገር ማስያዣ ድረ ገጽ ክፍል ይዞ ይመጣል። በሦስተኛው ከያንዳንዱ ክፍል 15 በመቶ ይቆረጥብኛል። 2,000 ብር ካከራየሁት ላይ 300ው የኔ አይደለም ማለት ነው። አንሶላ አጣቢዋ፣ የጄኔሬተሩ ናፍጣ፣ በቦቴ የማስመጣው ውሃ፣ ሁሉም ከቀሪው ነው የሚወጣ። እኔ የምለው፣ የጎንደር ማረፊያዎች ተነጋግረን ባንድ ቀን እንውጣ። በራሳችን ስልክ፣ በራሳችን ገጽ እንሽጥ። ተሳስተሃል የሚል ካለ ይምጣ።

የደባርቁ አስጎብኚ፦
እኔ ካንተ ጋር ነኝ አያ። የጉብኝት ድረ ገጾቹማ ከአልጋው የባሱ ናቸው፤ ከ20 በመቶ በላይ የሚቆርጡ አሉ። ባለፈው አንድ እንግዳ «ሰሜን ተራሮች፣ 3 ቀን፣ ሁሉም ያለበት» የሚል ክፍያ የፈጸመበትን በስልኩ አሳየኝ። «ሁሉም» በሚለው ውስጥ ስካውት (የታጠቀው የፓርኩ አጃቢ) የለም፣ በቅሎ የለም፣ የፓርክ መግቢያ የለም። ደባርቅ ጽሕፈት ቤቱ ሳይመዘገብና ስካውት ሳይዝ ፓርኩ ውስጥ ወዳለው ሳንቃበር እንደማይታለፍ ሻጩ አያውቅም። ሻጩ የት አገር እንደሚኖር ደግሞ እኔ አላውቅም። ስካውቱም ባለበቅሎውም የሚወጣው በተራ ነው። ተራው የደረሰው ሰውዬ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ በቅሎውን ጭኖ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ቆሟል። እንግዳው «ከፍያለሁ» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። መሐል ቆሜ የምለማመጠው እኔ ነኝ።

ሪሴፕሽኗ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና «በራሳችን ስልክ» ያሉት ላይ ሳቄ መጣ። ስልኩን ማን ያነሳል? እኔ በምሠራበት ቤት ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ የሚያነሳው ጥበቃው ነው። አንዴ ከጣሊያን ተደወለ፣ ጥበቃው «የለም!» ብሎ ዘጋው። የለም ያለው ክፍሉን ይሁን እኔን እስከ ዛሬ አላወቅንም። ድረ ገጹ ሌሊት አይተኛም፣ ጣሊያንኛም ይችላል። ያን 15 በመቶ የማታ ሠራተኛ ደሞዝ ነው ብለው ይቁጠሩት።

የፒያሳው ትኬት ቆራጭ፦
ልጆች፣ ይኼን ጨዋታ እኔ በፊት ተጫውቼዋለሁ፣ የተሸነፍሁትም እኔ ነኝ። እኔ ትኬት ስቆርጥ ከጀርባው ቀይ ካርቦን ያለው ወረቀት ነበር። በብዕር ተጭነህ ትጽፋለህ፣ ወደ ታችኛው ቅጂ ይወርዳል፣ ማታ ጣትህ ቀልቶ ቤትህ ትገባለህ። እንጀራ ስቆርስ ባለቤቴ ትስቅብኝ ነበር። ዋጋውን የሚያውቀው ቢሮው ብቻ ነው፤ ሰው መጥቶ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ኮምፒዩተሩ አዲስ አልነበረም። አሜሪካን አየር መንገድ ከአይቢኤም ጋር ሆኖ ሳብር የተባለውን የትኬት ማስያዣ ሥርዓት የዘረጋው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። ግን ስክሪኑ ፊቱን ያዞረው ወደ ቆራጩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 ማይክሮሶፍት ኤክስፒዲያ የሚባለውን የጉዞ ማስያዣ ድረ ገጽ ከፈተ፣ በዚያው ዓመት ዛሬ ዋና ቢሮው አምስተርዳም ያለው የአልጋ ማስያዣ ድረ ገጽ ቡኪንግ ሆላንድ ውስጥ ተጀመረ፣ ስክሪኑም ዞሮ ደንበኛውን አየ። ለውጡ በቃ ይኼው ነው። አየር መንገዶቹም አልዘገዩም፦ ዴልታ በ1995 ለወኪሎች ኮሚሽን ጣሪያ አበጀለት፣ በ2002 አሜሪካ ውስጥ ትልልቆቹ መደበኛውን ኮሚሽን ጨርሰው ተዉት። እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2008 ደግሞ የአየር መንገዶቹ ዓለም አቀፍ ማኅበር አያታ የወረቀት ትኬት አበቃ አለ። ካርቦኔም አበቃ።

ያኔ እኔም «እንውጣ፣ እንተባበር፣ አንሽጥላቸው» ብያለሁ። የሰማኝ የለም። ደንበኛው ትቶን የሄደው እኛ ስለተወደድን አልነበረም፤ በ11 ሰዓት ተኩል ቢሮ ስለምንዘጋ ነው።

የማራኪው ባለ ፔንሲዮን፦
ጋሼ፣ የርስዎን ቃል አከብራለሁ፤ ግን ትኬትና አልጋ ለየቅል ነው። ትኬት ወረቀት ነው፣ አልጋ ቤት ነው። እንግዳዬ ከበረሃ ወባ ይዞ መጥቶ ሌሊት በባጃጅ ሆስፒታል ያደረስሁት እኔ ነኝ፤ 15 በመቶው አልመጣም።

የፒያሳው ትኬት ቆራጭ፦
እሺ፣ ቤት ነው እንበል። ድረ ገጽ ሳይመጣ እንግዳ ማን ያመጣልህ ነበር? የአዲስ አበባው አስጎብኚ ድርጅት ቡድኑን ትልልቆቹ ሆቴሎች ያወርዳል፤ አንተ ጋ አይደርስም። አንተ ጋ የሚደርሰው ሹፌር ሲያመጣው ነው። ለሹፌሩስ ስንት ነበር በጓሮ የምትሰጠው? ራት አብልተህ፣ አልጋ በነፃ ሰጥተህ፣ ከላዩ ደግሞ «የሻይ» አክለህ። አሥራ አምስት በመቶ አይሞላም ብለህ ማልልኝ።

የማራኪው ባለ ፔንሲዮን፦
አልምልም። ግን ሹፌሩን አውቀዋለሁ። ልጁን ሲድር ድንኳኑ ውስጥ ነበርሁ። የሰጠሁትን ብር እዚሁ አራዳ ጤፍ ገዝቶበታል። አምስተርዳም የሄደው ብር ግን እኔ ስደግስ አይመጣም።

የደባርቁ አስጎብኚ፦
ይኼ ነው ቁም ነገሩ!

ከአዲስ አበባ የምመላለሰው፦
እኔ ነጋዴ ሳልሆን እንግዳ ነኝ፣ ልናገር። ብቻዬን ነው የምጓዘው፣ ሴት ነኝ። ደውዬ «ሙቅ ውሃ አለ?» ስል «አለ» ያላለኝ ጎንደሬ የለም። «መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለ?» «አለ።» «ጸጥ ያለ ነው?» «በጣም!» ከዚያ ስደርስ ከግድግዳው ወዲያ ጭፈራ ቤት። ድረ ገጹ ላይ ግን ከኔ በፊት ያደሩ ሰዎች ጽፈዋል፦ ሙቅ ውሃ ጠዋት ብቻ፣ የበሩ ቁልፍ ይለቃል፣ አስተናጋጇ ደግ ናት። ኮሚሽኑን የምትከፍሉት ለዚህ ነው መሰለኝ። እኔ የማላውቀውን ሰው ቃል የማምነው ሌሎች የማላውቃቸው ስለመሰከሩለት ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ ግን። ክፍሉን ድረ ገጹ ላይ አይቼ ስክሪንሾት አነሳለሁ፣ ከዚያ ስልክ ቁጥሩን ፈልጌ በቀጥታ እደውልና በቴሌብር እከፍላለሁ። ይቀንሱልኛል።

የማራኪው ባለ ፔንሲዮን፦
እግዜር ይስጥሽ እህቴ። እኔ የምለውን አድርገሽ አሳየሽልኝ።

የፍራንክፈርቱ ጎንደሬ፦
አያ፣ እሷ ያደረገችው እኮ ድረ ገጹ ስላለ ነው። ሁላችሁም ከወጣችሁ ስክሪንሾቱን ከየት ታነሳለች? ሌላው የሰቀለውን መብራት እያየህ መብራቱን እናጥፋ ነው የምትለው።

እዚህ ያለውን ልንገራችሁ። ትልቁ ጠብ ኮሚሽኑ ላይ አልነበረም፤ «በራስህ ገጽ ከኛ ባነሰ ዋጋ አትሸጥም» በሚለው የውል አንቀጽ ላይ ነበር። የጀርመን የውድድር ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ቡኪንግ ይኼን አንቀጽ እንዲያነሳ አዘዘ፣ ፈረንሳይ በዚያው ዓመት በሕግ ከለከለች። በ2024 የአውሮፓ ኅብረት ድርጅቱን በዲጂታል ገበያዎች ሕጉ «በር ጠባቂ»፣ ማለትም ነጋዴው ወደ ደንበኛው የሚያልፍበት ትልቅ በር፣ ብሎ ሰየመው፤ ስፔን 413 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣችው። «አንድ ክፍል ብቻ ቀረ፣ ፍጠን!» እያሉ ሰው ማዋከቡንም የእንግሊዙ ተቆጣጣሪ በ2019 ስድስት ድረ ገጾች እንዲያርሙ አድርጓል። እዚህ ያሉት ሆቴሎች ግን አልወጡም። ውሉን አንብበው ነው የተሟገቱት። የናንተን ውል አንብበኸዋል?

የማራኪው ባለ ፔንሲዮን፦
ውሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ብዛቱ ደግሞ እንደ ድርሳን። «እስማማለሁ» የምትለዋን የተጫናት የእህቴ ልጅ ነው። ከባሕር ዳር።

ሒሳብ ሠራተኛው፦
ስለ ገንዘቡ እኔ ልናገር፣ ቀን በቀን የማየው ስለሆነ። አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው። በአንዱ እንግዳው ለድረ ገጹ ይከፍላል፣ ድረ ገጹ ድርሻውን ቆርጦ ለሆቴሉ ይልካል። በሌላው እንግዳው ሆቴል ደርሶ ይከፍላል፣ ድረ ገጹ በወሩ መጨረሻ ለሆቴሉ የኮሚሽን ሒሳብ ይልካል። እኛ ሁለተኛው ላይ ነን። እንግዳው የሚከፍለን በብር፣ እኛ የምንጠየቀው በውጭ ምንዛሬ። ለ180 ዶላር ባንክ ቤት ስመላለስ ጫማዬ አልቋል። ደብዳቤ፣ ውል፣ ኢንቮይስ፣ ደግሞ «ነገ ይምጡ»። አንዴ ስንዘገይ ገጻችንን ዘጉት፤ ሦስት ወር ክፍላችን ለዓለም የለም ነበር። ልንከፍል ገንዘቡን ይዘን ነው እኮ! ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ወረፋው ቀለል ብሏል፤ ነገር ግን ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ሲያልፍ ያልከፈልነው ውዝፍ ዕዳ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ስለዚህ 15 በመቶ ስትሉ አዝናለሁ። እኛ ላይ ሲደርስ 15 ሆኖ አይቀርም።

እና ኢንተርኔቱን አትርሱ። በኛ 2015 ክረምት መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ገጻችን ላይ «ክፍት ክፍል አለ» እንዳለ ቀረ። መዝጊያ የለንም። ከውጭ ለእህቱ ሰርግ የመጣ ልጅ ማረጋገጫውን ይዞ ከች አለ፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ወር ሙሉ ተቀምጧል። ስልክ ግን ይሠራ ነበር። ቢደውል እንነግረው ነበር።

የማራኪው ባለ ፔንሲዮን፦
በሉ፣ ይኼንን መልሱልኝ እስቲ።

ሪሴፕሽኗ፦
እኔ አልመልስም፣ ጋሽ ሒሳብ ያሉት እውነት ነው። ስልክ ሆኖ ቢሆን ኖሮ የምለው አንድ የኔም ታሪክ አለኝ። በኛ 2012 ጥምቀት ነው፤ ጥምቀት በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወር ያህል በኋላ፣ ከተማው ጢም ብሏል። ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ከቤልጂየም መጡ። ድረ ገጹ ላይ ሦስት ሌሊት ይዘዋል፣ መውጫቸው ጃኑዋሪ 19 ጠዋት። መጽሐፋቸው «ጥምቀት ጃኑዋሪ 19 ነው» ስላላቸው ጠዋት ጥምቀቱን አይተው ከሰዓት ሊበሩ ነው። እዚህ ግን ጳጉሜን 6 በሆነች ማግሥት ዓመቱ በአንድ ቀን ይገፋል፤ በዚያ ዓመት ጥር 11 የዋለው ጃኑዋሪ 20 ነው። በእነሱ ጥምቀት ገና ከተራ እንኳ አልወጣም። ሴትየዋ ነጭ ነጠላ ገዝታ፣ ካሜራዋን አንጠልጥላ፣ በ12 ሰዓት ወርዳ «ወደ ፋሲል መዋኛ በየት ነው?» አለችኝ። ነገርኋት። ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ክፍላቸው ለሌላ ተይዟል፣ ከተማው ውስጥ አልጋ የለም። እኔ የማድርበትን ክፍል ሰጥቻቸው ከልብስ ማጠቢያው ክፍል አደርሁ። በማግሥቱ ታቦቱ ሲመለስ አልቅሳ ተመለሰች።

ድረ ገጹ ሦስት ሌሊት በትክክል ሸጧል፣ ምንም አላጠፋም። ስልክ አንስቶ «እማማ፣ ዘንድሮ 20 ነው» የሚላት ሰው ግን አልነበረም። እኔ ማለት ነኝ። መልእክት መላኪያው እዚያው ገጹ ላይ ነበር እኮ፣ ይዘውት ከገቡ ጀምሮ ሁለት ወር ሙሉ። አልጻፍሁላቸውም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆንብን ነው ጋሼ። ደግሞ በኛ 2020 ላይ እንደዚሁ ጃኑዋሪ 20 ይውላል፣ ከአሁኑ ልብ በሉ።

የፒያሳው ትኬት ቆራጭ፦
ልጄ፣ አንቺን የመሰለ ትኬት ቢሮ ቢኖረኝ አልዘጋም ነበር። በውጭ በረራ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ለገባ እንግዳ የአገር ውስጥ በረራ ቅናሽ እንዳለውም ለስንቱ የምነግር እኔ ነበርሁ።

የፍራንክፈርቱ ጎንደሬ፦
ሰዓቱንም ጨምሩበት። ባለፈው ለጓደኛዬ እዚህ ከምትጽፉት የአንዳችሁን ማረፊያ ያዝሁለት፤ «መግቢያ 2:00» ይላል። ከቀኑ 8 ሰዓት ደረሰ፣ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምረን ስንጠብቅህ ቀረህ» ብለው ክፍሉን ለሌላ ሰጥተውታል።

የማራኪው ባለ ፔንሲዮን፦
ቆይ እስቲ፣ የኔን ልየው።

የማራኪው ባለ ፔንሲዮን፦
አየሁት። 2:00 ይላል። የተለጠፈው ስልክ ደግሞ የጠፋብኝ ሲም ነው፣ ሁለት ዓመት ይሆነዋል። ፎቶው ላይ ያለው አልጋ ልብስ አሁን የለም። የይለፍ ቃሉ ባሕር ዳር ነው። ልጄ፣ አንቺ ሪሴፕሽኗ፣ ቅዳሜ ከሥራ ስትወጪ ማራኪ ጎራ ብትይ ቡናውን እኔ አፈላለሁ። የመውጣቱን ሐሳብ ግን አልተውሁም፤ እስከ ጥምቀት አቆየሁት እንጂ።

ሪሴፕሽኗ፦
እመጣለሁ ጋሼ። የእህትዎን ልጅ ቀድመው ይደውሉለት።

የደባርቁ አስጎብኚ፦
የስካውቱን ነገር ግን ማንም አልመለሰልኝም። ሰውዬው ነገም ተራው ነው።