ሮም ላይ የመጀመሪያውን ቀን ከልጆችና ከእናቴ ጋር እንዴት እናሳልፈው?

የጦሳው (ጠያቂ)፦
ሰላም የወሎ ልጆች። ከደሴ ነኝ። እህቴ ሚላኖ ትኖራለች፤ ጥሪ ልካልን ቪዛው ተሳካ። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆች (ወንዱ 12፣ ሴቷ 7) እና እናቴ ሮም እንገባለን። ሌሊቱን በረን ጠዋት ነው የምንደርሰው። እህቴ ሥራ ስላለባት የምታገኘን በማግስቱ ነው። የመጀመሪያው ቀን ለብቻችን ነው ማለት ነው። ሆቴላችን ተርሚኒ የሚባለው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው። እናቴን ጉልበቷን ያማታል፤ ፍልሰታንም ትጾማለች። ልጁ ደግሞ ኮሎሲየም ካልገባሁ ብሏል። ምን እንይ? ምን እንብላ? ሌባም ፈርቻለሁ።

ቦርከና፦
እንኳን ደስ ያላችሁ! አብሽር፣ ቀላል ነው። ከኤርፖርቱ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር በ32 ደቂቃ ተርሚኒ ያደርሳችኋል። ለአንድ ሰው 14 ዩሮ ነው። ሻንጣ ጥላችሁ ቀጥታ ኮሎሲየም። ከሰዓት ቫቲካን። ማታ ትሬቪ ፏፏቴ። እኔ ሁሉንም በአንድ ቀን ጨርሻለሁ።

ሮም የከረመች፦
ቦርከና ወንድሜ፣ አንተ እናትህን ይዘህ አልነበረም። እዚህ ስኖር 20 ዓመቴ ነው፤ ስንቱን እንግዳ ተቀብያለሁ። በመጀመሪያው ቀን ብዙ የሮጠ ሰው ሁለተኛውን ቀን አልጋ ላይ ነው የሚውለው። ነሐሴ ላይ ደሴ በጭጋግና በዝናብ ውስጥ ናት፤ እዚህ ግን 35 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። መንገዱም ጥቁር ድንጋይ ጥርብ ነው፤ ያዳልጣል፣ ጉልበት ይጎዳል። ለእማማ ጠፍጣፋ ጫማ።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ ወንድሜ። ከኤርፖርቱ በነጭ ታክሲ ኑ። ወደ መሐል ከተማ ቁርጥ ታሪፍ አለው፣ 55 ዩሮ። አምስት ስለሆናችሁ ትልቅ መኪና ጠይቁ፤ ሳትገቡ ዋጋውን አስረግጡ። ሆቴሎች ብዙ ጊዜ ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ክፍል አይሰጡም፤ ሻንጣ ግን ይቀበላሉ። እስከዚያ ከተርሚኒ ብዙም የማይርቀው ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ግቡ። ቀዝቃዛ ነው፣ መቀመጫ አለው፣ ገንዘብ አይጠይቅም። ጳጳስ ፍራንቸስኮስ የተቀበሩት እዚያ ነው። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ነው፤ እማማ ነጠላቸውን ከያዙ አለቀ።

ከዚያ ተኙ። አትሳቁ፣ ተኙ! ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ ውጡና ፓንቴዎን የሚባለውን የጥንት ሮማውያን ቤተ መቅደስ ሂዱ። የሚዘጋው ምሽት 1 ሰዓት ስለሆነ ከ12 በፊት ድረሱ። ለአዋቂ 5 ዩሮ ነው፤ ከ18 ዓመት በታች ነፃ። ጣሪያው መሐል ላይ ወደ 9 ሜትር የሚሰፋ ክፍት ቀዳዳ አለ። ሲዘንብ ዝናቡ ገብቶ ወለሉ ላይ ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይፈሳል። ልጆቹን ወለሉን አሳያቸው፤ ከጣሪያው ይልቅ እሱን ነው የሚወዱት። ከዚያ ቀስ እያላችሁ በእግር ትሬቪ። ፏፏቴው ጠርዝ ላይ አይቀመጡ፤ ፖሊስ ያስነሳል፣ ይቀጣልም።

ሸዋበር፦
የእኅታችን ምክር ወርቅ ነው። እኔ ምግቡን ልጨምር። ለጾመኛ ፒዛ ማሪናራ እዘዙ። ስሙ የዓሣ ይመስላል እንጂ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና ዘይት ብቻ ነው፤ አይብ የለውም። ፓስታ ሲሆን «ፖሞዶሮ፣ ሴንሳ ፎርማጆ» በሉ፤ ያለ አይብ ማለት ነው። ሙስሊም ወንድሞችም ልብ በሉ፦ ካርቦናራና አማትሪቻና የሚባሉት የሮም ፓስታዎች የአሳማ ጉንጭ አለባቸው። እኔ አማትሪቻናን የቲማቲም ስጎ መስሎኝ አዝዤ፣ ወላሂ፣ አስተናጋጁን ስጠይቀው ሹካው አፌ ጋ ደርሶ ነበር።

እንጀራ ከናፈቃችሁ ተርሚኒ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። ቡና ቆማችሁ ጠጡ፤ ስትቀመጡ ዋጋው ይጨምራል። አቦል ቶና በረካ የለም፤ አንድ ጉንጭ ነው፣ ያልቃል።

የጦሳው፦
አላህም እግዜርም ይስጣችሁ። እናቴ ነጠላውን ስትሰማ «አላልኳችሁም?» አለች። ግን ውሃ ለአምስት ሰው ሲገዛ አይከብድም? ደግሞ የአክሱም ሐውልት የቆመበትን ቦታ ልይ ብላለች። ከመንገዳችን ይርቃል?

ሐይቅ ዳር፦
ውሃ አትግዙ። በየመንገዱ ናዞኒ የሚባሉ የብረት ቧንቧዎች አሉ፤ «ትልልቅ አፍንጫ» ማለት ነው። ቀንና ሌሊት ንጹሕ የሚጠጣ ውሃ ይፈስባቸዋል። ልጅቷን አንድ ነገር አሳያት፦ የአፍንጫውን ጫፍ በጣት ስትደፍነው ውሃው ከላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ ቅስት ሠርቶ ይወጣል። ጎንበስ ሳትል ትጠጣለች። የኔዋ ከሙዚየም ሁሉ እሱን ነው የምታወራው።

ሐውልቱን ለሁለተኛው ቀን ጠዋት አቆየው። ከተርሚኒ በሜትሮ ቢ መስመር ሦስተኛው ፌርማታ ቺርኮ ማሲሞ ነው። የከተማ ትኬት 1.50 ዩሮ ነው፤ ከ10 ዓመት በታች ከአዋቂ ጋር በነፃ ይሳፈራል። ከጣቢያው ስትወጡ ፖርታ ካፔና አደባባይ አጠገባችሁ ነው። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ1937 ተወስዶ እዚያ ቆሞ ነበር፤ በ2005 ወደ አክሱም ተመለሰ። አሁን ቦታው ላይ ሁለት ትንንሽ ዓምዶች አሉ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የሮጠው በዚያ በኩል ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ ቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ገብቶ አሸነፈ። ቅስቱ ኮሎሲየም ጎን ስለሆነ የልጅህም ጉዳይ በዚያው ያልቃል።

የኮሎሲየም ትኬት አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ ስም ይጻፍበታል፣ ፓስፖርት ይዛችሁ ሂዱ። ሰዓቱን ደግሞ ተጠንቀቁ! የኔ ትኬት 8፡30 ይላል። እኔ ሆዬ ምሳዬን በልቼ በኛ ስምንት ተኩል ደረስኩ። ለካ የጠዋቱ ነው።

ሮም የከረመች፦
ሳቅሁ፤ ሰዓቱ ስንቱን ሐበሻ አስቀርቷል! ሌባውን ረስተነው። አውቶቡስና ሜትሮ ውስጥ ቦርሳ በደረት በኩል። 64 ቁጥር አውቶቡስ በተለይ። ሰኞ ገበያ ላይ እንደምትጠነቀቀው ነው፣ ሌላ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ተርሚኒ ፊት ያለው አደባባይ ስሙ «የአምስት መቶዎቹ» ነው። ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሷቸው ወታደሮች መታሰቢያ ነው። የውጫሌ አገር ሰው ስለሆናችሁ ለልጁ ንገሩት።

የጦሳው፦
በቃ ወሰንን። በመጀመሪያው ቀን እንቅልፍ፣ ፓንቴዎንና ትሬቪ። ልጁ አኩርፎ ነበር፤ አበበን ስነግረው ታረቀ። እናቴ አሁን በሶና ጭኮ እያዘጋጀች ነው። ያስገቡናል?

ሮም የከረመች፦
በሶው ይሁን። ጭኮው ግን ቅቤ አለበት፤ ከውጭ የሚመጣ የወተትና የሥጋ ነገር አይፈቀድም፣ ኤርፖርት ላይ ይወስዱታል። ለእማማ አሁኑኑ ንገራቸው፤ ደክመው ከሠሩት በኋላ ሲጣል እንዳያዩ።