ሉክሶርን ከእናቴ ጋር ለማየት፦ በሐምሌ ወይስ በጥር?

ሄርማታ፦
ሰላም ወገኖች። ከእናቴ ጋር የግብፅን ሉክሶር ለማየት አስበናል። እሷ 65 ዓመቷ ነው፤ ሜዳ ላይ በደንብ ትሄዳለች፣ ደረጃ ግን ጉልበቷን ያማታል። አስተማሪ ስለሆንኩ ሰፊ ጊዜ የማገኘው ሐምሌና ነሐሴ ነው፤ በጥር መጨረሻም አጭር እረፍት አለን። ሉክሶር ላይ ሦስት ሙሉ ቀን ይኖረናል። የትኛው ወር ይሻላል? ከነገሥታቱ መቃብሮች እናቴ የምትችላቸው የትኞቹ ናቸው? ከጅማ ሳንነሳስ ምን እንጨርስ?

አዌቱ ዳር፦
እህቴ፣ ሐምሌንና ነሐሴን ተዪው። እኛ ጋ ዝናብ ሲወርድ እዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። መቃብሮቹ ያሉበት የነገሥታት ሸለቆ በኖራ ድንጋይ ገደል የተከበበ፣ ዛፍ የሌለው ጎድጓዳ ስፍራ ነው፤ ድንጋዩ የዋጠውን ሙቀት መልሶ ይተፋዋል። የጅማን አየር ለለመደ ሰው፣ ይልቁንም ለእናት፣ አይሆንም። በጥር ቀኑ ደስ ይላል። ማለዳው ግን ብርድ ነው፤ ጋቢ ያዥላት።

ቀናቱን በዓባይ ወንዝ (ናይል) ሁለት ዳር ክፈያቸው። ምዕራቡ ዳር የመቃብር፣ ምሥራቁ የቤተ መቅደስ ወገን ነው። የመጀመሪያውን ቀን ለምዕራቡ ስጪው። ሸለቆው ጠዋት በኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ይከፈታል (እነሱ 6 ይሉታል)፤ ያኔ በር ላይ ድረሱ። ረፈድ ሲል የአስጎብኚ አውቶቡሶች ይጎርፋሉ፤ ጠባቡ መተላለፊያ በሰው ትንፋሽ ይታፈናል። ያ እርጥበት ለሥዕሎቹም ጠር ነው።

የካርናክን ቤተ መቅደስ ለሁለተኛው ቀን ማለዳ አድርጊው። 134 ዓምዶች ያሉት አዳራሽ አለው፤ መሐል ላይ ያሉት 12ቱ ወደ 21 ሜትር ይቆማሉ። ፀሐይ ዝቅ ስትል በዓምዶቹ መካከል የሚገባው ብርሃን ቅርጹን ሁሉ ያወጣዋል፤ እኩለ ቀን ላይ ግን ድንጋዩ ጠፍጣፋ ይመስላል። የሉክሶር ቤተ መቅደስ ማታም ክፍት ስለሆነ በመብራት እዩት። ሁለቱን የሚያገናኘው የስፊንክስ ጎዳና 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለእናትሽ ይረዝማል፣ በታክሲ ሂዱ።

ቦሳ ኪቶ፦
መቃብሮቹን በተመለከተ። የሸለቆው መደበኛ ትኬት ሦስት መቃብር ብቻ ያስገባል። የቱታንካሙን፣ የቀዳማዊ ሴቲ እና የራምሴስ አምስተኛና ስድስተኛ መቃብሮች የየራሳቸው ተጨማሪ ትኬት አላቸው። ክፍት የሚሆኑት ይፈራረቃሉ፤ በር ላይ ጠይቂ።

ለእናትሽ የራምሴስ አራተኛ (ቁጥር 2) ይቅደም። መተላለፊያው ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፣ ቁልቁለቱ ቀላል ነው። ቀጥሎ የራምሴስ ዘጠነኛ (ቁጥር 6)። ገንዘብ ከተረፈ ጭማሪውን ለራምሴስ ስድስተኛ (ቁጥር 9) አውጪው፤ በሬሳ ሣጥኑ ክፍል ጣሪያ ላይ የሰማይ አምላክ ኑት ከዳር እስከ ዳር ተዘርግታለች፣ ፀሐይን ማታ ስትውጥና ጠዋት ስትወልድ። የቱታንካሙን ደረጃው 16 ብቻ ቢሆንም ክፍሎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ሀብቱም ካይሮ ነው፤ ስሙ ካልሳባችሁ ዝለሉት። የቱትሞስ ሦስተኛን (ቁጥር 34) እና የሴቲን እናትሽ አትሞክር፤ የመጀመሪያው ገደል ወጥቶ ቁልቁል መውረድ አለው፣ ሁለተኛው ደረጃው አያልቅም። ከበሩ እስከ መቃብሮቹ በትንሽ ክፍያ የኤሌክትሪክ መኪና አለ፤ ጉልበቷን ለውስጡ ታቆይ።

የሴቷን ፈርዖን የሃትሼፕሱትን ቤተ መቅደስ ማንም ኢትዮጵያዊ እንዳያልፈው እለምናለሁ። ፊቱን ወደ ሕንፃው ላደረገ ሰው፣ በሁለተኛው እርከን በስተግራ ባለው ግድግዳ ላይ ፑንት ወደምትባል ጥንታዊ አገር የተደረገው ጉዞ ተቀርጿል። በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆሙ ጎጆዎች፣ ሥሮቻቸው በቅርጫት ሆነው ወደ መርከብ የሚጫኑ የዕጣን ዛፎች፣ የፑንቱ አለቃ ፓራሁና ሚስቱ አቲ። ብዙ ምሁራን ፑንትን በኛው በቀይ ባሕር ደቡብ አካባቢ ያደርጉታል። የአቲ ዋናው ድንጋይ ካይሮ ሙዚየም ነው፤ ግድግዳው ላይ ያለው ቅጂ ነው። መወጣጫው ተዳፋት እንጂ ደረጃ ብቻ ስላልሆነ ቀስ ብላ ትወጣዋለች። ሜዳ የምትወድ ከሆነ ደግሞ ሜዲኔት ሃቡ የሚባል ቤተ መቅደስ አለላት፤ የራምሴስ ሦስተኛ ነው፣ ቀለሙ ጣሪያው ላይ እስካሁን አለ፣ ሰውም አይበዛበትም።

ጅሬን፦
ሳትነሱ የሚያልቀው ይኸው። ቪዛውን አስቀድማችሁ ከኤምባሲው ጨርሱ፤ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ። የቢጫ ወባ ክትባት ከኢትዮጵያ ለሚነሳ ይጠየቃል፤ ቢጫ ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ 10 ቀን በኋላ ነውና በመጨረሻው ሳምንት አትሩጡ። እናትሽ ዕድሜዋ ከ60 በላይ ስለሆነ ከመከተቧ በፊት ሐኪም ያያት።

ገንዘብ ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። ትልልቆቹ ቦታዎች ትኬት የሚሸጡት በባንክ ካርድ ነው፣ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። ስለዚህ ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ከባንክሽ አውጪ፣ ሁለት ቢሆን ይሻላል፤ አንዱ እምቢ ካለ በር ላይ ቆማችሁ አትቀሩም። ጥሬው ለጀልባ፣ ለታክሲና ለጉርሻ ነው። መልስ ስትቀበይ ኖቱን እዪ፤ 50 ፒያስተርን እንደ 50 ፓውንድ የሚሰጥ አለ፣ ዋጋው መቶ እጥፍ ይለያያል። መቃብር ውስጥ ጠባቂው ጠቁሞ ሥዕል ካሳየሽ ጉርሻ ይጠብቃል፤ ካልፈለግሽ ከመጀመሪያው በትሕትና አመስግነሽ እለፊ።

አዲስ አበባ ከበረራው አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ። ከካይሮ ሉክሶር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ባቡሩ ሌሊቱን ይፈጃል፣ ለእናትሽ አልመርጠውም።

ሄርማታ፦
እግዜር ይስጥልን። ሆቴሉን በየትኛው ዳር ልያዝ?

አዌቱ ዳር፦
ማታ በሉክሶር ቤተ መቅደስ ዙሪያ ለመሄድ ምሥራቁ ይመቻል። ምዕራቡን ለማየት ግን መኪና ከምሥራቅ አትከራዪ፤ ድልድዩ ከከተማው በስተደቡብ ርቆ ስለሆነ ዞሮ መሄድ አለበት። ከቤተ መቅደሱ ፊት ለፊት የሕዝብ ጀልባ አለ፤ ተሻገሩና ምዕራቡ ዳር ላይ ታክሲ ያዙ። ዋጋውን ለሙሉ ቀን፣ የምትሄዱባቸውን ቦታዎች በስም ጠርታችሁ፣ ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ፤ "በግብፅ ፓውንድ፣ ለሁለታችን በአንድ ላይ" ብላችሁ አስረግጡ። ጀልባው ላይ ስትሆኑ ለእናትሽ ንገሪያት፦ ከአጋሮ ወዲያ የምንሻገረው ደዴሳ ዓባይ ገብቶ በዚያው መንገድ ነው የሚወርደው።