ባናው አልሸጥ አለኝ፤ ማስታወቂያውን አስተካክሉልኝ

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦ እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። ሸማኔው ቅዳሜ ሒሳቡን ይፈልጋል፣ እኔ ግን አንድም ባና አልሸጥኩም። ማስታወቂያውን ቴሌግራም ላይ ከለጠፍኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው። 1,400 ሰው አይቶታል፤ የጠየቁኝ ሁለት ናቸው፣ እነርሱም ጠፉ። ጽሑፉ ይኸው፦ «የደብረ ብርሃን ብርድ ከእንግዲህ አይደፍርዎትም! በመንዝ እናቶች እጅ የተፈተለ፣ ለዘመናት የሚቆይ፣ ክብርና ሙቀት የሚያላብስ ዕጹብ ድንቅ ባና! ዋጋ በውስጥ መስመር።» የትኛውን ቃል ልቀይር? 22 ባና ቤቴ ተቆልሏል።

ባለ ሱቅ፦ ዋጋውን ጻፊ። «በውስጥ መስመር» ሲባል ሰው ዋጋው ሰማይ የነካ ይመስለውና ያልፋል።

ጡረተኛው መምህር፦ ልጄ፣ ከጽሑፉ በፊት የምታቀርቢውን ተመልከቺ። አሜሪካዊው የደብዳቤ ሽያጭ ባለሙያ ኤድ ማየር የሽያጭን ውጤት ከመቶ ሲያከፋፍል፣ 40ውን ለማን እንደምትልኪ፣ 40ውን ምን እንደምታቀርቢ፣ የቀረውን 20 ብቻ ለጽሑፉና ለመልኩ ሰጠ። የልምድ መመሪያ ነው እንጂ በሚዛን የተለካ አይደለም፤ ለአንቺ ግን ይበጃል። ዋጋው፣ የሚያደርሰው ሰው፣ ክፍያው መቼ እንደሆነ፣ ገዢው ባይወደው ምን እንደሚደረግ፣ ይህ ሁሉ ከዕቃው ጋር አብሮ ይቀርባል። አንቺ ባናውን አሞገስሽው እንጂ ገና ለገበያ አላቀረብሽውም። «ለዘመናት የሚቆይ» የሚለውንም ማረጋገጥ ካልቻልሽ አውጪው፤ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።

ባለ ሱቅ፦ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው፣ ዋጋ ጻፊ።

የሸማኔ ልጅ፦ እኔ በመምህሩ አልስማማም፤ ቃሉም ጥፋት አለበት። «ዕጹብ ድንቅ» ማንን ያሞቃል? ባናውን በመስኮት ብርሃን ላይ ዘርግተሽ ፎቶ አንሺ፤ ድሩና ማጉ ጠብቆ ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ሥዕሉ ራሱ ይሸጥልሻል። አዲስ ባና ገላ ይኮሰኩሳል፣ ከሥሩ አንሶላ እንደሚያስፈልግ አትደብቂ። በሙቅ ውኃ ሲታጠብ ይኮማተራል፣ እርሱንም ጻፊ። ጉድለቱን የነገረኝን ነጋዴ ስለ ሙቀቱ ሲነግረኝ አምነዋለሁ።

ጠያቂ፦ ዋጋው እንደ ስፋቱ ስለሚለያይ ነው ያልጻፍኩት። የለጠፍኩት ደግሞ አባላቱ ብዙ ስለሆኑ በሸዋ ሮቢት የገበያ ቡድን ነው።

የሸዋ ሮቢት ልጅ፦ እህቴ! እኛ እኮ ሌሊት አንሶላውንም እንገፍፈዋለን። ማራገቢያ ካለሽ ዛሬውኑ እገዛለሁ። ደግነቱ እህቴ አንኮበር ታስተምራለች፣ ብርዱ አስመርሯታል። ለአንድ ሰው አልጋ የሚሆነው ስንት ነው? መኪና ላይ ትጭኝልኛለሽ?

ጡረተኛው መምህር፦ ይኸው፣ የመጀመሪያው 40 የት እንደፈሰሰ ታወቀ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ እኔ ከቆላ መጥቼ ደብረ ብርሃን ስገባ የመጀመሪያውን ሳምንት በሁለት ጃኬት ነው ያደርኩት። ያን ጊዜ አንድ ሰው ግቢው በር ላይ ባና ይዞ ቢቆም ሳልከራከር እገዛ ነበር። ትልቁን ባለትዳሮች ይግዙት፣ ለተማሪ ጠባቡን ለይተሽ አቅርቢ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «የመንዝ ባና፣ ለአንድ ሰው አልጋ። ርዝመቱ … ስፋቱ … ዋጋው … ብር። ዩኒቨርሲቲው በር ድረስ አመጣለሁ፤ ዳስሰው፣ ለክተው፣ ከወደዱት በኋላ ይክፈሉ። ካልወደዱት ይዤው እመለሳለሁ።» ክፍቱን ቦታ አንቺ ሙዪው። ተማሪ ገንዘብ የሚኖረው ከቤት ሲላክለት ስለሆነ፣ ግማሹን አሁን ግማሹን በወሩ መጨረሻ ማለት ከቻልሽ ደግሞ በጣም ጥሩ ነው።

የሸማኔ ልጅ፦ ዱቤውን ተዪው፣ ሸማኔው ቅዳሜ ገንዘብ ነው የሚፈልገው። እርሱንም አነጋግሪው፤ በሽያጩ ልክ እየከፈልሽው ሊሠራልሽ ይችላል። አባቴ ለብዙዎች እንዲያ ያደርጋል።

ባለ ሱቅ፦ እህቴ፣ ዋጋው እኮ አሁንም አልተጻፈም።

የሸዋ ሮቢት ልጅ፦ የአንኮበሯን ነገር እየጠበቅሁ ነው። ነገ ጠዋት ወደዚያ የሚሄድ ሰው አለኝ፣ ዛሬ ማታ ንገሪኝ።