«በረሃ» ወይስ «ምድረ በዳ»? (ስለ ፒሪ ላንድ)

ጠያቂ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ፒሪ ላንድ እየተረጎምኩ ነው። በግሪንላንድ ሰሜን ጫፍ ያለ፣ ሰው የማይኖርበት ባሕረ ገብ መሬት ነው። ጫፉ ከዋልታው 700 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅም የሚወርደው በረዶ ጥቂት ስለሆነ አብዛኛው ምድር ገላጣ ነው። «በረሃ» ብዬ ብጽፍ እናቴ «ሙቀቱስ የታለ?» አለችኝ። «ምድረ በዳ» ይሻላል?

ካርታ አንባቢ፦ መጀመሪያ «ባሕረ ገብ» ላይ እንቁም። ባሕር የገባበት መሬት ነው ወይስ ባሕር ውስጥ የገባ?

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ገቢው መሬቱ ነው። «ሰርጎ ገብ»፣ «ጣልቃ ገብ» እንደምንለው።

ዘይቤ፦ የግእዙ «ገብአ» ግን መመለስ ነው፤ መግባትማ «ቦአ» ነው። በፍትሐት «ትገብእ» ሲባል ስንቶቻችን «ትገባለህ» ብለን ሰምተናል! «ጉባኤ»ም ከዚሁ ሥር ነው። እኔ ባሕር ዙሪያውን ጉባኤ የሠራበት ምድር ብዬ አነበዋለሁ።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ያምራል፤ አልቀበለውም። ስምንት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጫለሁ፤ እዚህ ቃል ውስጥ ግእዝ ያለው «ባሕረ» ላይ ብቻ ነው። «ገብ» ጥርት ያለ አማርኛ ነው። የአማርኛን ልጅ በግእዝ አባት አትጥራው።

የጣና ልጅ፦ ዘጌን ብዙ ሰው በጀልባ ስለሚደርስበት «ደሴት» ይለዋል፤ ከየብስ የተያያዘ መሆኑን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

ካርታ አንባቢ፦ ይህ ስሕተት ቀላል አይደለም! አሜሪካዊው አሳሽ ሮበርት ፒሪ እ.ኤ.አ. በ1892 ፒሪ ላንድን ከግሪንላንድ የሚለይ የባሕር ሰርጥ ያየ መሰለውና በካርታ አሰፈረው። ዴንማርካዊው አሳሽ ሚሊየስ ኤሪክሰን በ1907 ሰርጡ እንደሌለ ደረሰበት፤ ነገር ግን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሲመለስ ሞተ። ትቶት የሄደውን ማስታወሻ በ1910 ያገኘው ሌላው ዴንማርካዊ አሳሽ አይናር ሚኬልሰን ነው። ስለዚህ «ደሴት»ና «ባሕረ ገብ» ሲምታቱ ዝም አልልም።

ዘይቤ፦ እንግዲያው ቃሉ መናገር ያለበት ከየብስ መያያዙን ነው። «ገብ» ይህን አይናገርም።

ጠያቂ፦ ጽሑፉን ነገ አስረክባለሁ። «በረሃ»ስ?

የቅኔ ቤት ልጅ፦ «በዳ» ከ«በድወ» ነው፤ ባድማ መሆን፣ ባዶ መቅረት። ስለ ሙቀት አንዳች አያነሣም።

ካርታ አንባቢ፦ ማስክ ኦክስ የሚባሉ ጠጕራም እንስሳት የሚግጡበትን፣ ከአራት ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች እሳት ያነደዱበትን ምድር እንዴት «ባዶ» ትለዋለህ?

ዘይቤ፦ «ባድማ»ኮ ሰው ኖሮበት የተለቀቀ ማለት ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ የአባት ርስትም «ባድማ» ይባላል። እሱን ወዴት ልትወስደው ነው?