ለግቢ የእንጨት ሥራ ቤት ሰፊ የውፍረት መላጊያ ማሽን ስለ መምረጥ

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦

ጤና ይስጥልኝ። በግቢዬ ጓሮ አራት ሜትር በስድስት ሜትር የሆነች የእንጨት ሥራ ቤት አለችኝ፤ ከመደበኛ ሥራዬ መልስ በር፣ ቁም ሳጥንና ጠረጴዛ እሠራባታለሁ። የውፍረት መላጊያዬ (ጣውላን ልጎ ውፍረቱን እኩል የሚያወጣው) ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ 33 ሳንቲ ሜትር ስፋት ብቻ የሚያሳልፍ አነስተኛ ማሽን ነው። አምና ከደብረ ሲና ቁልቁል፣ በአጎቴ ማሳ ዳር የወደቀ አሮጌ ዋንዛ አስሰንጥቄ ያመጣሁት ጣውላ እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ስለሚሰፋ በማሽኑ አላልፍ አለኝ፤ አንዱን መሐል ለመሐል ሰንጥቄ፣ ለየብቻ ልጌ፣ በኮላ መልሼ ገጠምሁት። ጠረጴዛው ዛሬም ሳሎናችን ውስጥ ነው፤ ሆኖም የእንጨቱ መስመር መጋጠሚያው ላይ ተቋርጦ ባየሁት ቁጥር ይቆጨኛል። የቀሩትን አራት ጣውላዎች እንደዚያ ላደርጋቸው አልፈልግም።

አሁን ሁለት ማሽኖች አግኝቻለሁ። አንደኛው አዲስ ሲሆን 40 ሳንቲ ሜትር ያሳልፋል፤ ሞተሩ 2.2 ኪሎ ዋት ነው፣ በቤት መብራትም ይሠራል። ሁለተኛው ያገለገለ፣ 50 ሳንቲ ሜትር የሚያሳልፍ፣ 4 ኪሎ ዋት ሞተር ያለው ባለ ሦስት ፌዝ (በሦስት የኤሌክትሪክ መስመር የሚሠራ) ነው። ቤቴ የገባው መስመር ግን ነጠላ ፌዝ 220 ቮልት ነው። አንድ ሻጭ ደግሞ በደብረ ብርሃን ከፍታ ሞተር ይደክማል ብሎ አስፈራርቶኛል። በዚህ ሥራ የቆያችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፣ አናጺ ከደብረ ሲና፦

ወንድሜ፣ ባለ 40ውን ይተዉት። አሁን ካለዎት የሚበልጠው በሰባት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ያስቆጨዎት ጣውላም በዚያም አያልፍም። ሆኖም ባለ 50ውን ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር በደንብ እንዲያስቡበት እፈልጋለሁ፤ የውፍረት መላጊያ ውፍረትን እኩል ያወጣል እንጂ የጎበጠን እንጨት አያቀናም። ሮለሮቹ ጣውላውን ተጭነው ወደ ምላጩ ሲያስገቡት ጉብጠቱ ለጊዜው ይተኛል፣ ምላጩም በተኛበት ይልገዋል፤ በሌላው በኩል ሲወጣ ግን ተመልሶ ይነሣና ቀጭን የሆነ ጎባጣ ጣውላ ይዘው ይቀራሉ። ስለዚህ አንዱ ፊት አስቀድሞ መቅናት አለበት፤ 45 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለውን ፊት የሚያቀና ማሽን ደግሞ በየቤታችን የለም።

እኔ የማደርገው ይህ ነው። ቀጥ ያለ ወፍራም ኮምፔንሳቶ ከጣውላው ጥቂት አስረዝሜ እቆርጥና ጣውላውን በላዩ አስቀምጣለሁ። በእጄ ስጫነው የሚንቀጠቀጥባቸውን ማዕዘኖች ፈልጌ፣ ከሥራቸው ስስ የእንጨት ሽብልቅ እየሰካሁ፣ ምንም እስከማይነቃነቅ ድረስ እደግፈዋለሁ፤ ሽብልቆቹ እንዳይሸሹም በትኩስ ሙጫ አስይዛቸዋለሁ። ከኮምፔንሳቶው ጫፍ ላይ ደግሞ ጣውላው ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት አነስተኛ ማገጃ እመታበታለሁ። ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ በማሽኑ ውስጥ አሳልፋለሁ። በመጀመሪያው ዙር ምላጩ የሚነካው ከፍ ያሉትን ቦታዎች ብቻ ስለሆነ ድምፁ ይቆራረጣል፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ሲሆን ፊቱ ቀንቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ሽብልቁን አንሥተው፣ የቀናውን ፊት ወደ ታች ገልብጠው ያለ ኮምፔንሳቶው ይልጉታል። ዋንዛ ደግሞ በቂ ካልደረቀ ዛሬ ያቀኑት በሳምንቱ ስለሚጎብጥ፣ ከሁለቱም ፊት እኩል ያንሡለት።

መልስ፣ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ከሸዋ ሮቢት፦

ስለ ከፍታው ሻጩ የነገረዎት ከፊሉ እውነት ነው። የሞተር ጉልበት የሚወሰነው በአብዛኛው እስከ 1000 ሜትር ከፍታና እስከ 40 ዲግሪ የአየር ሙቀት ታስቦ ነው። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ይሳሳል፣ ሞተሩንም በዚያው ልክ በደንብ አያቀዘቅዘውም፤ ነገር ግን የከተማዋ ብርድ የሳሳውን አየር ጉዳት በአመዛኙ ይክሰዋል። በተቃራኒው በጄነሬተር ለማሠራት ካሰቡ ከፍታው በእርግጥ ይጎዳዎታል፤ ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የናፍጣ ሞተር በሳሳ አየር ጉልበቱ በግልጽ ይቀንሳልና።

ዋናው ጉዳይ ግን መስመሩ ነው። 4 ኪሎ ዋት ሞተር በሦስት ፌዝ 380 ቮልት ከ8 እስከ 9 አምፔር ያህል ሲወስድ፣ ያንኑ ጉልበት ከነጠላ ፌዝ ለማግኘት 25 አምፔር ገደማ ያስፈልጋል፤ ሲነሣ ደግሞ ለአፍታ ከአምስት እጥፍ በላይ ይስባል። አንዳንዶች ከነጠላ ፌዝ ሦስት ፌዝ የሚያወጣ ኢንቨርተር ገዝተው ይገጥማሉ፤ እርስዎ ግን ይህን ከማድረግዎ በፊት በሞተሩ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ያንብቡ። እንዲህ ያለው ተራ ኢንቨርተር የሚያወጣው ሦስት ፌዝ 220 ቮልት ነው። እስከ 3 ኪሎ ዋት ያሉ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ 220/380 ስለሚሉ በዴልታ (የሽቦ ጫፎቻቸው በሦስት ማዕዘን ተገናኝተው፣ በአነስተኛው ቮልት እንዲሠሩ) ታስረው በዚህ ይሠራሉ፤ ከ4 ኪሎ ዋት ጀምሮ ግን አብዛኞቹ 380/660 ናቸውና በ220 ጉልበት አያገኙም። ባለ 3 ፌዝ ቆጣሪ የማስገባት ዕድል ካለዎት ከሁሉም የሚሻለው እርሱ ነው። ካልሆነ ሞተሩን በ3 ኪሎ ዋት ባለ 220/380 መለወጥ፣ ከቆጣሪው ጀምሮ ለብቻው 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ መዘርጋትና በእያንዳንዱ ዙር የሚያነሡትን ማሳነስ ይኖርብዎታል። ሰሌዳው 60 ኸርዝ ብቻ የሚል ከሆነ አይግዙት፤ የእኛ መስመር 50 ኸርዝ ስለሆነ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ይግላል።

መልስ፣ የቤት ዕቃ ሠሪ ከመሐል ሜዳ፦

ከላይ ባሉት ሁለቱም እስማማለሁ፤ የምጨምረው ስለ ምላጩ ነው። የእኛ አገር ባሕር ዛፍ መስመሩ እየተገላበጠ ስለሚያድግ ረጅሙ ቀጥ ያለ ምላጭ እየነቀለ ሻካራ ጉድጓድ ይተውበታል። ምላጩን በሚያዞረው ዘንግ ዙሪያ በጠመዝማዛ መስመር ትናንሽ አራት ማዕዘን ምላጮች የተደረደሩበት ማሽን ይህን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ድምፁም ለጎረቤት ይቀላል። አንዷ ምላጭ ብትሸረፍ ያችን ብቻ ፈትተው ወደ ቀጣዩ ስለት ያዞሯታል፤ አራት ስለት አላትና። ዋጋው ግን ከበድ ይላል፤ ስለዚህ ቀጥ ያለ ምላጭ ያለውን ከገዙ ሁለተኛ ስብስብ ምላጭ አብሮ መኖሩን ያረጋግጡ።

ያገለገለ ማሽን ሲያዩ በቀለሙ አይታለሉ። ቺንጋውን አውልቀው ዘንጉን በእጅዎ ያዙሩት፤ ኩሽኔታው ካለቀ አሸዋ የገባበት ያህል ሲንቋቋ በጣትዎ ይሰማዎታል። ቀጥሎ እኩል የሆኑ ሁለት ቀጫጭን ጣውላዎች ይዘው ይሂዱ፤ አንዱን በግራ ዳር፣ አንዱን በቀኝ ዳር አድርገው በአንድ ጊዜ ያሳልፏቸውና ውፍረታቸውን በካሊፐር (ስስ ልዩነት በሚያሳይ መለኪያ) ይለኩ። ልዩነት ካለ ዘንጉና ጠረጴዛው ትይዩ አይደሉም፤ ማስተካከል ይቻል እንደሆነ እዚያው ይጠይቁ። ክብደቱ ከ300 ኪሎ ስለሚበልጥ ከመኪና የሚያወርዱበትንና የሚያስቀምጡበትን ወለል ከወዲሁ ያዘጋጁ።

ጠያቂ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዛሬ ደውዬ ስጠይቅ የሞተሩ ሰሌዳ 380/660፣ 50 ኸርዝ እንደሚል ተነገረኝ፤ ስለዚህ የኢንቨርተሩን ሐሳብ ትቼ ሰኞ ስለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ለመጠየቅ እሄዳለሁ። የሥራ ቤቴ በር 85 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ አንዱን የቆርቆሮ ግድግዳ መፍታት ሳይኖርብኝ አይቀርም። ቅዳሜ ማሽኑን ለማየት ስሄድ የምይዛቸውን ሁለት ጣውላዎች ከባሕር ዛፍ ቆርጬ አዘጋጅቻለሁ፤ የለካሁትን እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።